የጎማ አየር የሚለካው ጠዋት ነው

ስለ ኡልፓን፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ልጆች ትምህርት ብዙ ሲጻፍ አንብባችኋል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ጎማ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በዚህ አገር ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሥራ ሊያሳጣኝ የደረሰው እሱ ነው። ከአዲስ ገቢ ወጣቶቻችንም በዚሁ ሙያ የሚቀጠሩ ስላሉ ይጠቅማቸዋል ብዬ አሰብኩ።

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጣሁና በዓመቱ በቤር ሼቫ ከተማ በአንድ ፓንቸሪያ፣ እኛ ጎሚስታ በምንለው ቤት፣ ሥራ ጀመርኩ። ቤር ሼቫ የኔጌቭ በር ስለሆነች ወደ በረሃ የሚወርዱ ጂፖች በየቀኑ ይመጡብናል። ዕብራይስጡ ገና አፌን ይይዘኝ ነበር፤ ቁጥር ግን ጎንደር ሳለሁ በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን፣ በቀትር፣ አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን በጂፕ ጭኖ መጣ። በመኪናው በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ይላል፤ መለኪያዬ 37 አሳየኝ። ትርፉን አስተንፍሼ አራቱንም ጎማ 32 ላይ አደረግሁ። በማግስቱ ሰውየው በማለዳ በራሱ መለኪያ ሲለካ 27 አግኝቶ ኖሮ እየጮኸ ተመለሰ። አየሩ የጎደለ ጎማ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ እየታጠፈ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ልጆች የጫነ ሰው ነውና በቁጣው አልፈርድበትም። አሠሪያችን ግን በሰው ፊት «ቁጥር ማንበብ የማይችል ሰው ቀጠርኩ» አለ። የምመልስበት ቋንቋ አጣሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ያተረፉኝ ከሞሮኮ የመጡ አንድ አዛውንት የሥራ ባልደረባችን ናቸው። «ልጄ፣ ቁጥሩን በደንብ አንብበሃል፤ የለካህበት ሰዓት ነው ችግሩ» አሉኝ። ጎማ በሩጫና በፀሐይ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። 32 ገደማ አየር ባለው ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲለወጥ ንባቡም ከ1.5 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይለወጣል። በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ለቀዝቃዛ ጎማ ነው፤ ይኸውም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ለቆመ፣ ፀሐይም ላልመታው። መኪና በአንድ ጎኑ ፀሐይ ሲመታው እንኳ የዚያ ጎን ጎማዎች ከፍ ብለው ይነበባሉ። ስለዚህ ከጋለ ጎማ አየር አይቀነስም።

ቀጥለው ኮምፕሬሶሩ ላይ ያለውን መለኪያ አሳዩኝ። የከባድ መኪና ነው፣ እስከ 160 ያነባል። የመለኪያ ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከሙሉ ልኩ ነው። 2 በመቶ የሚስት መለኪያ እስከ 160 የሚያነብ ከሆነ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ሊያሳስት ይችላል፤ እስከ 60 የሚያነበው ግን 1 ያህል ብቻ። ለከተማ መኪና 3 ብዙ አይደለም ትሉ ይሆናል። አሸዋ ላይ የሚወጣ ጂፕ ግን ጎማው ተንጣሎ መሬት እንዲይዝለት አየሩን እስከ 18 ወይም 15 ድረስ ይቀንሳል። ከ15 ላይ 3 ሲጎድል አምስት እጁ አንዱ ሄደ ማለት ነው። አዛውንቱ ከኪሳቸው እስከ 60 የሚያነብ ትንሽ መለኪያ አውጥተው ሰጡኝ። «እንዳይወድቅብህ፤ አንዴ ከወደቀ አትመነው» አሉኝ። ሲለካም ቀጥ አድርጎ መጫን ነው፤ አየሩ ፍስስ እያለ ካመለጠ ንባቡ ውሸት ነው።

ይህን ሁሉ አውቄም ከዓመታት በኋላ ተሳሳትኩ። አሮጌ ጂፕ ገዝቼ ከልጄ ጋር በክረምት በምዕራብ ኔጌቭ ወዳለው አሸዋ ሄድን። ከአስፋልት እንደወጣን፣ ጎማው ገና እንደጋለ፣ 15 ላይ አወረድኩትና እዚያው አደርን። የበረሃ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ሲነጋ ሳልለካ ተነሣሁና በመጀመሪያው መታጠፊያ የፊት ጎማው ከቸርኬው ወጣ። የቀሩትን ስለካቸው 11 ናቸው። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ ከልጄ ጋር ስንታገል ግማሽ ቀን አለፈ። ጎማ ለማስተካከል ደመወዝ የሚበላ አባት መሆኔን ልጄ ሳይስቅ አልቀረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዓራድ ወደ ሙት ባሕር የሚወርድ ሰው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ታች የውጩ አየር ሲከብድ ንባቡ 1.5 ያህል ይቀንሳል። የሙት ባሕር ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ እዚያ እንደደረሳችሁ ቸኩላችሁ አትሙሉ፣ አታስተንፍሱም። ከአሸዋ ወጥታችሁ አስፋልት ከመያዛችሁ በፊት ግን መሙላት ግዴታ ነው። አዳዲስ መኪኖች አየር ሲጎድል መብራት ያበራሉ፤ መብራቱ የሚበራው ግን ብዙ ከጎደለ በኋላ ነው።

አዛውንቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። መለኪያቸው እኔ ዘንድ ነው። ባለፈው ዓርብ ማለዳ ልጄ የራሱን አዲስ መለኪያ ይዞ መጣና አንዱን ጎማ በሁለቱም ለካው። «አባዬ፣ ያንተ በ1 ይበልጣል» አለኝ።

«የትኛው ነው የወደቀው?» አልኩት። ዝም ብሎ የራሱን ወደ ኪሱ መለሰ።