ከጓሮ እስከ ጓዳ

አዲስ አበባ ላይ «ወላይታ» ሲባል ምራቁን የሚውጠው ብዙ ነው። የተሰቀለ ሻኛ፣ የተሳለ ቢላዋ፣ በትንሽ ሳህን የቀረበ ዳጣ፤ ለከተሜው የወላይታ ምግብ ማለት ይኸው ነው። ቁርጥ ግን ምጣድ አያይም፣ እሳትም አይነካውም። ቆራጩ ወንድ፣ ከበው የሚበሉትም አብዛኞቹ ወንዶች፣ ቦታውም አደባባይ ነው። የወላይታ እናቶች በየቤታቸው ምን ያበስላሉ ብሎ የጠየቀ ሰው ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ መልስ አያገኝም። በኅዳር ወር ወደ ሶዶ የወረድኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

መንገዱን ያቃናልኝ የሶዶ ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «እናቴ ዘንድ ሂድ። ምንም ሳትደብቅ ታሳይሃለች። ቁጭ ብለህ የምታይ እንዳይመስልህ ግን፤ ታሠራሃለች» አለኝ።

ሶዶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከቡታጅራ በኋላ ስልጤን፣ ሃዲያን፣ ከዚያም ቦሎሶን ስናቋርጥ ከመኪናው መስኮት የማይጠፋው እንሰት ነው። የጤፍና የስንዴ ማሳ ከቤት ይርቃል፤ እንሰት ግን ግድግዳ ተደግፎ ይበቅላል። ሶዶ ከመድረሳችን በፊት ባለፍንባት አረካ ከተማ፣ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶች የሚጠበቁበት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ጥቂት እንደሄድን ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው የዳሞታ ተራራ ብቅ አለ፤ ሶዶ ግርጌው ላይ ነች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ በመሆኗ አሸዋና ብሎኬት የጫነ መኪና ከባጃጁ ጋር ይጋፋል። እኔ የምሄድበት ቤት ከዚያ ግርግር ወጣ ብሎ፣ በተራራው ጎን ላይ ነበር።

የባልደረባዬን እናት ሰፈሩ ሁሉ «አዬ» ነው የሚላቸው፤ እኔም አዬ አልኳቸው። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው ተቀበሉኝና ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ወደ ማድ ቤቱ ጠቆምኩ። «እሱ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ጓሮ ነው» አሉና ቀደሙኝ።

ጓሮው በሥርዓት የተከፋፈለ ነው። ወላይታዎች ቤቱን ተጠግቶ ያለውን፣ ፍግ የጠገበውን መሬት ዳርኩዋ ይሉታል። ራቅ ያለው፣ ፍግ የማይደርሰው ማሳ ሾቃ ይባላል። በዳርኩዋው ላይ ለግድግዳው ቅርብ የሆነው እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ መሐል ቡና፣ በቡናው ሥር ጎደሬ፣ ዳር ዳሩን ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም። ቦዬው በእንጨት ላይ ተጠምጥሟል። በቆሎና ስኳር ድንች ሾቃ ላይ ናቸው። አዬ እያንዳንዱን ተክል ከአንድ ነገር ጋር ያያይዙታል፤ ከላም ጋር። ላሟ በቤቱ አንደኛው ወገን ታድራለች፤ ጠዋት ጠዋት ፍጓ ተጠርጎ እንሰቱ ሥር ይፈሳል። «ላም የሌለው እንሰት የለውም። እንሰት የሌለው ምን ያበስላል?» አሉኝ።

ነገሩ ተረት አይደለም። ወላይታ ከአገራችን ሕዝብ በብዛት ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዷ ስትሆን ግማሽ ሄክታር በማይሞላ መሬት የሚኖረው ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ያለች መሬት ያለ ፍግ አትሆንም፤ ስለዚህ ላም መግዛት ያልቻለ ሰው የሌላውን ላም እያረባ የሚኖርበት ሃራ የሚባል ስምምነት አለ፤ አርቢው ወተቱንና ፍጉን ይጠቀማል። ሁለት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ከብት በጋራ የሚይዙበትም ኮታ አለ። ፍግ እንኳ በውል የሚታሰብበት አገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

በማግሥቱ እንሰት ተቆረጠ። አንድ እንሰት ከተተከለበት ጊዜ አንሥቶ ለቆጮ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ከመቁረጡ በፊት የአዬ ታላቅ ልጅ ቢላዋውን እሳት ውስጥ አገላብጦ አጋለው። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ፣ በሳይንስ የተመዘገበው በ1960 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን፣ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው የሚሻገርበት ዋናው መንገድ የቆረጡበት ስለት ነው። መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ስለትን በእሳት ማጽዳት ብቻ ነው ያለው።

መፋቁ የሴቶች ሥራ ነው። ጎረቤቶች ተጠራርተው መጡ፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ከመካከላቸው የአንዷ ቤት ነው። ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ፊት ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንሥተው የግንዱን ሽፋን ጫፍ በተረከዛቸው ይጫኑታል፤ ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይስቡታል። ነጩ ሥጋ እየተንሸራተተ ኮባ ላይ ይወርዳል፤ ሳንቃው ላይ የሚቀረው ቃጫ ነው፤ ገመድ ይሆናል፣ ገበያም ይወጣል። ከሚጨመቀው ውሃ ሥር የሚረጋው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው። ሥሩ ደግሞ ተከትክቶ ከተፋቀው ጋር ይደባለቃል። እኔ ልሞክር ብል ሳቁብኝ፤ ጉድጓድ እንድቆፍርና ኮባ እንድሸከም ተመደብኩ። ጉድጓዱ በኮባ ተነጥፎ፣ የተፋቀው ተሞልቶ፣ በኮባ ተሸፍኖ ድንጋይ ተጫነበት። የሚበላው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። እኛ ለምሳ የምንሠራው ከዚያ በፊት የተቀበረውን ነው።

ከጉድጓዱ የወጣው ቆጮ ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ላልለመደው አፍንጫ ይፈትነዋል። አዬ በጨርቅ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው አጥብቀው ጨመቁት፤ ከዚያ ሳንቃ ላይ አድርገው በስለታም ቢላዋ ደጋግመው ከተከቱት። ክትክቱ ጭረቱን ለመበጠስ ነው፤ ጭረት የቀረበት ቆጮ ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቷንም ያሳማል። ሁለተኛውን ዙር ለእኔ ሰጡኝ። ቢላዋው ሲያርፍ የነበረው «ጭር ጭር» ድምፅ እየጠፋ፣ ለስላሳ እየሆነ እስኪሄድ ድረስ ሳላቆም እንድከትክት አዘዙኝ። እሳቸው ሌላ ሥራ ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ የሚቆጣጠሩኝ በጆሯቸው ነው። «ገና ነው» ይላሉ ሳያዩኝ። ድምፁ ሲሰልል «በቃ» አሉ።

ያ ቆጮ በምጣድ ላይ፣ በኮባ መሐል ተሸፍኖ በሰለ። ከዚያ ተፈርፍሮ፣ በቅመም ከነጠረ ቅቤና ከአይብ ጋር ታሸ፤ ሙቹዋ ሆነ። በሸክላ ጣባ ቀረበ፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ተጨማሪ ቅቤ ፈሰሰበት። መጀመሪያ የሚሰማው የቆጮው ኮምጣጣነት ነው፤ ወዲያው አይቡ ያለዝበዋል፤ ቅቤው ከነኮረሪማው መጨረሻ ላይ ይመጣል። እየበላሁ ጓሮውን አሰብኩት። ከቅመሙ በቀር ጣባው ላይ ያለው ሁሉ ከዚያች ላምና ከፍጓ የመጣ ነው።

ዳጣ የተማርኩት ከሴት ልጃቸው ነው። በኅዳር ቃሪያው ቀልቶ ደርሷል። እርጥቡን ቀይ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጤና አዳም፣ ከበሶብላ፣ ከድንብላል፣ ከኮረሪማና ከጨው ጋር በድንጋይ ወፍጮ ላይ ትፈጨዋለች። ቅመሙ ሁሉ አንድ ላይ አይገባም፤ ደረቁ ብቻውን ይደቃል፣ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላሉ፣ ቃሪያው መጨረሻ ነው። መጁን ወደ ፊት ስትገፋ ክብደቷን ትጥልበታለች፤ ስትመልስ ታቀልለዋለች። እኔ በሁለቱም በኩል ስለምጫን ቶሎ ደከምኩ። አዲስ አበባ ላይ በማሽን የሚፈጨው ውሃ ይበዛበታል፣ ቶሎም ይሻግታል ስትል ነገረችኝ። የድንጋዩ ወፍራም ነው፣ ቁርጡ ላይ ይይዛል። ሥጋ ቤቱን ያስከበረው ዳጣ መነሻው ይህ ወፍጮ፣ ፈጪዋም ሴት መሆኗ ያኔ ገባኝ፤ ከቁርጡ ጋር አደባባይ የሚወጣው የጓዳው ክፍል እሱ ብቻ ነው።

ማታ ማታ የቡና ቅጠል ነው። ሃይታ ቱኬ ይሉታል። ቅጠሉ በሙቀጫ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጤና አዳምና ከቃሪያ ጋር ተወቅጦ በእንስራ ይፈላል፤ ጨውም አይቀርበትም። ፍሬው ተለቅሞ ገበያ ይወጣል፤ ቅጠሉ ለቤት ይቀራል። ከተቀቀለ ጎደሬና ቦዬ ጋር ሲጠጣ ጉሮሮ ይፈጃል፣ ላብም ያመጣል። ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም፤ ያልተጠራ ጎረቤት በማግሥቱ ምክንያት ይጠይቃል። አንድ ምሽት ከጎረቤቶቹ አንደኛው ስለ እግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ዲቻ አነሣ፤ ዲቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት የጣለበትን ጨዋታ ትናንት የሆነ ያህል ተረኩልኝ።

የአዘቦቱ ምሳ ግን ሙቹዋ አይደለም፤ ኩርኩፋ ነው። የበቆሎ ዱቄት በትንሽ በትንሹ ተድቦልቡሎ ከጎመን ጋር ይቀቀላል። ቆላ ሲወርዱ የጎመኑን ቦታ ሽፈራው ይተካዋል። በቆሎ እዚህ አገር ቀድሞም ነበረ፤ በ1960ዎቹ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው ዋዱ የተባለው የወላይታ ግብርና ልማት ድርጅት ግን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ሲመጣ ይበልጥ ተስፋፋ። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ዋዱን በስሙ ያነሡታል። ዝናብ ሲያጥር በቆሎው ቀድሞ ይደርቃል፤ እንሰቱ ይቆያል። እንሰቱን በችግር ጊዜ ቀድሞ ቆርጦ የጨረሰ ቤት ግን ለመተካት ዓመታት ስለሚፈልግበት ተከታዩ ድርቅ ባዶ እጁን ያገኘዋል። አዬ ጓሯቸውን በየቀኑ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው፤ ዘንድሮ የሚቆረጠው የትኛው እንደሆነ፣ ለልጅ ልጅ ሠርግ የተተወው የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ።

ቅቤውስ? ላሟ አንዲት ናት፤ ሙቹዋው ደግሞ ቅቤ ይጠጣል። መልሱ ጊፋታ ነው። የወላይታ አዲስ ዓመት መስከረም አጋማሽ አካባቢ በእሑድ ይውላል። ወንዶቹ ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹም በየፊናቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። በአዬ ሰፈር የቅቤ ማኅበር የገቡት ሴቶች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቅቤ አምጥተው በአንዷ እጅ ያስቀምጣሉ፤ በዓሉ ሲደርስ ይከፋፈላሉ። የደኸየችው እንኳን ያን ቀን ጣባዋ ቅቤ አያጣም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ የሒሳብ ሹም ጥንቃቄ ነበረ፤ ማን ስንት እንዳገባች በቃላቸው ይይዛሉ።

ልሰናበት ስል መጠኑን ልጻፍ ብዬ ደብተሬን አወጣሁ፤ ስንት ማንኪያ ቅቤ፣ ስንት ጭብጥ አይብ። አዬ መጠኑን ትተው የጠየቁኝ ሌላ ነው። «አዲስ አበባ ላም አላችሁ?» የለንም። «እንሰትስ?» እሱም የለም፤ ቆጮው መርካቶ ይገዛል። «ቅቤውም?» በኪሎ ይገዛል አልኳቸው፣ ዋጋውንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ስሌት አራተኛ ፎቅ ላይ ከነማቀዝቀዣዬ የምኖረው እኔ የሰፈሩ ድኻ መሆኔ ነው። ወዲያው ግን መላ ዘየዱልኝ። «እንግዲያው ሚስትህ ከጎረቤቶቿ ጋር የቅቤ ዕቁብ ትግባ። ዛሬ ብትጀምሩ ለመስከረም ይደርሳል።»

ምክሩን ለኮንዶሚኒየሙ ሴቶች አደረስኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዲት የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ግን ዋና ሰብሳቢ ልሁን ብላ ወረቀት አወጣች። በየበዓሉ ቅርጫ ተካፍሎ የሚያርድ ብሎክ ለዚህ አዲስ አይደለም። በየወሩ ግማሽ ኪሎ ተባለ፤ ማቀዝቀዣው የእኛ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ቆጮውን የመከትከቱ ሥራ ግን ያለ ክርክር ለእኔ ተሰጠ።