የዋንዛ ጣውላ

የበረንዳችን ርዝመት 1.90 ሜትር ነው። አባቴ የተወልኝ የዋንዛ ጣውላ ደግሞ 2.10 ሜትር ነበረች።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፣ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። አባቴ ግን አናጢ ነበር። ሲያርፍ ጣውላዋን፣ አንድ መጋዝ፣ ሁለት መላጊያ፣ አምስት መሮና እጀታው በላብ የጠቆረ መዶሻ ተረከብሁ። መሣሪያው ሦስት ዓመት አልጋ ሥር ተኛ። ጣውላዋ ግን አልገባ ብላ መተላለፊያው ላይ ቆማ ኖረች። ባለቤቴ ባለፈች ቁጥር «እኚህ እንግዳ ዛሬም አልተቀመጡም?» ትለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ልትጀምር ለነበረችው ልጃችን የማጥኛ ጠረጴዛ እሠራለሁ ብዬ ቃል ገባሁና በረንዳዋን ማደራጀት ጀመርሁ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ። የመጀመሪያውን መደርደሪያ በፊሸር ሰቀልሁት፤ በሦስተኛው ሌሊት ከነመሮው ወረደ። ከታች ቤት ያሉት እናት ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። የተናገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲያ ሸክሙን ሁሉ ለወለሉ ሰጠሁት፦ ከወለል እስከ ጣሪያ ሁለት ቋሚ አቁሜ አግዳሚ ገጠምሁባቸው፤ መሣሪያው በአግዳሚዎቹ ላይ ተንጠለጠለ። ከእያንዳንዱ ጀርባ ቅርጹን በእርሳስ አነሣሁ። ማታ አንድ መሮ ከጎደለ ባዶ ቅርጹ ይጠራኛል፤ የቀኑ ሒሳብ አልገጥም ሲል እንደሚሰማኝ ዓይነት ነው። የክረምት እርጥበት ብረቱን እንዳያዝገው በዘይት በራሰ ጨርቅ አብሼ እሰቅላለሁ። የባለቤቴን የልብስ ማስጫ ገመድ ግን አልነካሁም፤ ድርድር አልነበረውም።

የቀረው የመሥሪያ ጠረጴዛው ነበር፤ ከአግዳሚው ጋር በማጠፊያ ተያይዞ፣ ሥራ ሲያበቃ ወደ ታች የሚታጠፍ። ለፊቱ ኮምፔንሳቶ ሞከርሁ፤ መላጊያ ሲገፋበት ይንቀጠቀጣል። ወፍራምና የማይነቃነቅ እንጨት ያስፈልግ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው እንዲህ ያለ እንጨት አንድ ብቻ ነው።

ሁለት ማታ መጋዝ ይዤ ፊቷ ቆምሁ። ዋንዛ እንደ ድሮው እንደልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም፤ የ1986ቱ የደን አዋጅ ከዝግባ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከከለከላቸው አንዱ እሱ ነው። ግን እውነቱን ልናገርና ያስፈራኝ አዋጁ አልነበረም። በሁለተኛው ማታ ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ፣ «አባትህ ጣውላ ሲቆርጡ አይተህ አታውቅም?» አለችኝ።

ለመታጠፊያው ክፍተት ሁለት ጨምሬ 22 ሳንቲ ሜትር ቆረጥሁ። በአንደኛው ጫፍ አባቴ በእርሳስ «87» ብሎ ጽፎባት ነበር፤ የቆረጥሁት ከወዲያኛው ጫፍ ነው።

የልጄ ጠረጴዛ ለመስከረም ደረሰች፤ አንድ እግሯ ጥቂት ታጥራለች፣ ወረቀት አጥፌ አስደግፌያታለሁ። «87» ለምን እንደተጻፈ አላውቅም። መሥሪያዬን በዚያ ከፍታ ልተክላት ሞክሬ ነበር፤ መላጊያ ስገፋ ትከሻዬ ወደ ላይ ይሰቀላል። 84 ላይ ተውኋት። አባቴ ከእኔ ይረዝም ነበር።