አዳኙ ዘግይቶ ነው የመጣው

ሻርል ፔሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1697 ባሳተመው ተረት፣ ቀይ ቆብ ያጠለቀችው ልጅ በተኩላ ተበልታ ትቀራለች። የሚደርስላት የለም። አዳኙ የተኩላውን ሆድ በመቀስ ቀዶ ልጅቱን ከነአያቷ በሕይወት የሚያወጣው በ1812 በታተመው የግሪም ወንድማማቾች መጽሐፍ ነው። ለመድረስ 115 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። «የዛሬ ደራሲዎች ጥንታዊውን ተረት አበላሹት» የሚል ሰው ሳገኝ፣ የትኛውን ጥንታዊ እላለሁ።

* * *

ግሪሞቹም እጃቸው አላረፈም። በመጀመሪያው እትማቸው ስኖው ዋይትን ልታስገድል የምትነሣው የወለደቻት እናት ናት። በ1819 እናትየው ሞተችና እንጀራ እናት ተተካች። ሃንሰልና ግሬትል ጫካ ይጣሉ ብላ የምትመክረውም እናት ኋላ እንዲሁ እንጀራ እናት ሆነች። የእናት ክብር ተጠበቀ፤ ሐሜቱ ለእንጀራ እናት ተረፈ።

* * *

ከዛሬ ደራሲዎች ኒል ጌይማን በ1994 የስኖው ዋይትን ታሪክ በእንጀራ እናቷ አንደበት ጻፈው፤ ደም መጣጯ ልጅቱ ሆነች። እሱ ተሳክቶለታል። ክፉውን ደግ፣ ደጉን ክፉ ማድረግ ብቻውን ግን ኮት ገልብጦ መልበስ ነው፤ ኮቱ ያው ነው።

* * *

ደራሲዋ አንጀላ ካርተር በ1977 የፔሮን ተረቶች ወደ እንግሊዝኛ መለሰች። በ1979 ደግሞ የራሷን የአጫጭር ልቦለዶች መድበል አወጣች። ሚስቶቹን እየገደለ በተቆለፈ ክፍል የሚያስቀምጠው የባለ ሰማያዊ ጺሙ ባል ታሪክ የመድበሉ መክፈቻ ነው። በፔሮ ተረት ሙሽራይቱን የሚያድኗት ወንድሞቿ ናቸው። በካርተር ግን እናቷ በፈረስ እየጋለበች ደርሳ፣ በሟች ባሏ ሽጉጥ ሰውየውን ራሱን ትመታዋለች። ግሪሞች ያስወገዷት እናት ታጥቃ ተመለሰች! ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ ሙሽራይቱ የተቆለፈውን ክፍል የከፈተችበት ቁልፍ የደም ምልክት ግንባሯ ላይ ታትሞ ይቀራል። በሀብቱም በምስጢሩም ተስባ የገባችበት ትዳር ነውና፣ ድና እንኳ ንጹሕ ሆና አትወጣም።

* * *

በዚያው መድበል የቆንጆዋና የአውሬው ተረት ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱ ላይ አውሬው ሰው ይሆናል፣ ሌላው ላይ ልጅቱ አውሬ ትሆናለች። የትኛው እንደሚሻል ካርተር አትፈርድም።

* * *

ለማንበብ ያሰበ ፔሮን ያስቀድም፤ የባለ ሰማያዊ ጺሙ ተረት ጥቂት ገጽ ነው። የካርተርን ግን ለልጅ ማስተኛ አታንብቡት።