ማርሹን ዋሻው አፍ ላይ ቀንስ



ልጄ፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድህን (ሲዲኤል) ያወጣህ ዕለት እኔና እናትህ የተሰማንን ደስታ ታውቀዋለህ። ሰኞ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተማሪ፣ ብቻህን ከአውሮራ ትነሳለህ። ስለዚህ በስልክ እየተቋረጠ የሚቀረውን ነገር በጽሑፍ ሰጥቼሃለሁ። ጋቢናው ውስጥ አስቀምጠውና ቆመህ ስታርፍ አንብበው።

ከቁልቁለቱ ልጀምር። ከምዕራብ ጭነህ በአይ-70 አውራ ጎዳና ስትመለስ የአይዘንሃወርን ዋሻ ታልፋለህ። ዋሻው 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ ዴንቨር ደግሞ 5,280 ላይ። 60 ማይል ያህል በሆነ መንገድ ከአንድ ማይል በላይ ወደ ታች ትወርዳለህ ማለት ነው። አወራረዱም አንድ ወጥ አይደለም። ጆርጅታውን ስትደርስ ያለቀ ይመስልሃል፤ ፍሎይድ ሂል ላይ መልሶ ያወጣህና እንደገና ቁልቁል ይለቅሃል። በመጨረሻ ሜዳው ከፊትህ ወለል ብሎ ሲታይ ነው ሾፌር የሚዘናጋው። መንገዱ ዳር «ሾፌሮች፣ ገና አልወረዳችሁም» የሚል ሰሌዳ የተተከለውም ለዚህ ነው።

መኪናህ ከነጭነቱ 80 ሺህ ፓውንድ ይደርሳል። ፍሬን ረግጠህ እንደያዝክ ከወረድክ ታንቡሩ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ሸራው አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ብትረግጥም መኪናው አይሰማህም። ማርሽ የሚቀነሰው ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ ከተንደረደረ በኋላ አልገባም ይልሃል። ፍጥነትህን በሰዓት 40 ማይል ብለህ ከወሰንክ፣ 40 ሲደርስ ረገጥ አድርገህ ወደ 35 አውርደውና ልቀቀው፤ ፍሬኑ ይተንፍስ። እንደገና 40 ሲደርስ እንደዚያው አድርግ። ፍሬን ለከዳው መኪና የተሠራው የጠጠር መውጫ ካስፈለገህም አትፈር፣ ግባበት። ኤፕሪል 25 ቀን 2019 በዚሁ አይ-70፣ ሌክዉድ ላይ ፍሬን የከዳው ትራክ ቆመው በነበሩ መኪኖች ላይ ወጥቶ 4 ሰው ሞተ። ሾፌሩ 23 ዓመቱ ነበር፤ መውጫውን አልፎት ነበር የመጣው። 110 ዓመት ተፈርዶበት፣ በኋላ የኮሎራዶ ገዥ ወደ 10 ዓመት ቀነሱለት። የሞቱት ግን ሞተዋል።

በልጅነቴ ጎሃ ጽዮን ላይ የማያቸው የተሳቢ ሾፌሮች አባይ በረሃን ከመውረዳቸው በፊት ይቆሙ ነበር። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ሾፌሩ እየዞረ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት ይመታል፣ ወደ ታንቡሩ እጁን አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካል፣ ከዚያ ሻዩን አዝዞ ይቀመጣል። ከበረሃው ማዶ፣ ደጀን ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ለምን ቆያችሁ አይላቸውም ነበር።

ኑሮህንም እንደ ማርሹ ከላይ ወስነው፤ ገንዘቡ ሳይጥምህ፣ ጭነት የሚመድብልህ ዲስፓቸር ስልክህን ሳይለምደው። በማይል የሚከፈለው ሰው የቆመበት ሰዓት ሁሉ የከሰረ ይመስለዋል። ሕጉ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት ንዳ፣ ከዚያ 10 ሰዓት እረፍ ይላል፤ 8 ሰዓት ከነዳህ ደግሞ 30 ደቂቃ ቁም። ሰዓት መዝጋቢው መሣሪያ (ኢኤልዲው) ይህን ይቆጥርልሃል፤ ሌሊቱን በሐሳብ ስትገላበጥ ማደርህን ግን አያውቅም። ሰዓት ስላለህ ብቻ አትንዳ። እንቅልፍ የጎደለው ሰው ሥራ ፈትቶ ቢያድር አያፍርም።

የሳምንት የሥራ ሰዓትህን ከዜሮ ልታስጀምር (ሪሰት ልታደርግ) ቤት ስትመጣ 34 ሰዓቱን ኡበር አብርተህ ኤርፖርት ስትመላለስ እንዳላይህ። ሕጉም ቢሆን ገንዘብ የሚከፈልበትን ማንኛውንም ሥራ የሥራ ሰዓት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰውነትህ ነው። እዚህ አውሮራ ውስጥ ቤት ገዝቶ፣ ያን ቤት በቀን ብርሃን የማያውቀው ሰው ሞልቷል። ልጁ በአማርኛ ሲያናግረው «ቆይ፣ ደክሞኛል» እያለው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰው አለ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ኤርፖርት ታክሲ በምነዳበት ዘመን ወረፋ ስንጠብቅ ሰዓታት እናጠፋ ነበር። የታመመ የሚጠየቅበት፣ እቁብ የሚጣልበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ጊዜ ያ ነበር። በ2009 ሾፌሮቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ዩኒየን ታክሲ ሥራ ሲጀምር፣ ነገሩ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ በዚያ ወረፋ ላይ እንደተወራ እኔ አውቃለሁ። እየበረረ የሚኖር ሰው ጓደኛም አያፈራ፣ ማኅበርም አያቋቁም።

እናትህ ቡና ስታፈላ አቦሉን ጨልጠህ አትነሳ። የሰው የልቡ ነገር አቦል ላይ አይወጣም፤ ቶና ላይ ይጀምራል፣ በረካ ላይ ያልቃል። አክስትህ መታመሟን የሰማነው በረካ ላይ ነው፤ ከእሷ ከራሷ።

የራስህን ትራክ ለመግዛትም አትጣደፍ። ጓደኞችህ ገዝተዋል፤ አውቃለሁ፣ ፎቶውንም አሳይተኸኛል። ቢያንስ አንድ የበረዶ ወራት በሰው መኪና ሥራ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ከሞሪሰን ወደ ምዕራብ የጎማ ሰንሰለት ሳትይዝ ማለፍ አይፈቀድልህም፤ ያን ሰንሰለት በንፋስና በጨለማ፣ ጣትህ ደንዝዞ አንድ ጊዜ አስረህ እስክታየው ድረስ የወር ክፍያ ውል አትፈርም። ዕዳ ያለበት ሾፌር «ዛሬ መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ አልወጣም» ለማለት አቅም ያጣል።

ሰኞ ዲስፓቸሩ የት ደረስክ እያለ ቢያጣድፍህ «ቆሜያለሁ፣ ፍሬን እያበረድኩ ነው» በለውና ስልኩን ዝጋ። ቢቆጣ ይቆጣ። በሶውና ድርቆሹ ከወንበሩ ኋላ በላስቲክ ታስሯል፤ እየነዳህ አትብላ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።

አባትህ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ