የሦስት ሰዓቱ ቀጠሮ

ድረ ገጽ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን አንድ ጽኑ እምነት ነበረኝ፤ ከኮምፒውተሬ ፊት የሚያስነሳኝ ነገር ሁሉ ሌባ ነው የሚል። የታክሲ ሰልፍ ሌባ፣ የጎረቤት ቡና ሌባ፣ የመብራት መጥፋት ደግሞ የሌቦች አለቃ። የእናቴ ስልክ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከዝርዝሩ አልቀረም። በዚህ ሙያ ያለን ወጣት ሁሉ ይህች በሽታ ሳትነካው አታልፍም መሰለኝ። ጥቂት መስመር ኮድ ጽፈህ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር እንዳዘዝከው ሲንቀሳቀስ ስታይ የሚሰማህ ደስታ ቀላል አይደለም። ውሎ አድሮ ግን ዓለሙ ሁሉ እንደዚያ ካልታዘዘልህ መበሳጨት ትጀምራለህ።

ስለዚህ ራሴን ላሻሽል ተነሳሁ። መጀመሪያ ጆሮ የሚደፍን ትልቅ ሄድፎን ገዛሁ። ቀጥሎ በተነካ ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚል ኪቦርድ፤ ዋጋውን ለእናቴ የነገርኳት በግማሽ ቀንሼ ነው። ማታ ማታ ስሠራበት ከሰነበትኩ በኋላ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ልብስ ስፌት ጀመርክ እንዴ? የልጆቹን ዩኒፎርም ላመጣልህ ነበር» አሉኝ። አልሳቅሁም። ያኔ ሳቅም ጊዜ ይወስድ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ «ውጤታማ ሰዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ» የሚል ፈረንጅ አገኘሁ። ደወል ሞልቼ ተነሳሁ። ለካ ሰፈሩ ቀድሞኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴ ድምፅ ይሰማል፤ ከብሎካችን ሥር እርጥብ የምትሸጠው ሴት ድንቿን ቀቅላ ጨርሳ ዳቦ ትሰነጥቃለች፤ የታክሲ ረዳቶች «መገናኛ! መገናኛ!» እያሉ ይጮኻሉ። እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ የተነሳችው በዚያው ሰዓት ነው፤ ቪዲዮ አልሠራችበትም እንጂ። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ሄድፎኑን አጥብቄ መግጠም ብቻ ነበር።

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ ወደ ከተማው ስሄድ ምርጫዬ ሁለት ነው፤ ወይ ሚኒባስ ታክሲ፣ ወይ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ባቡር። ባቡሩ ሰው ከሰው ስለሚያጣብቅ አልወደውም ነበር። ታክሲ ከሆነ ደግሞ ጋቢና ካልሆነ አልገባም። ከኋላ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትናንትናው የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ የማይተዋወቁ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ስለ ተጠቃሚ ምቾት የተቀረጸ የእንግሊዝኛ ውይይት አዳምጣለሁ። ተጠቃሚዎቹ ከጀርባዬ ተቀምጠው እኮ ነው። ብሎካችን ሥር ረከቦት ዘርግታ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፤ ባለፍኩ ቁጥር «ወንድሜ፣ ቡና?» ትለኛለች፤ እኔም «ቸኩያለሁ» እላለሁ። ወዴት እንደምቸኩል ብትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም።

አንድ ትንሽ ክሊኒክ የቀጠሮ መያዣ ድረ ገጽ እንድሠራለት ያዘዘኝ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው። ሥራውን ስጨርስ ኩራቴ አይጣል ነው። ነጭ ጀርባ፣ ብዙ ባዶ ቦታ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ትንንሽ ጽሑፍ፤ የውጭ ዲዛይነሮች ሲያደርጉ ያየሁትን ሁሉ አደረግሁ። የሞከርኩት በትልቅ ስክሪን፣ በቢሮ ዋይፋይ፣ በገዛ ጣቶቼ ነው። እንከን አላገኘሁበትም።

ገጹ ሥራ በጀመረ ሰሞን የእንግዳ ተቀባይዋ ስልክ መጣ። «እባክህ ናና እየው፤ እኔ ማስረዳት አልችልም» አለችኝ። ስደርስ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። አንድ አባት ስልካቸውን ወደ ፊቴ አስጠግተው «ልጄ፣ 3 ሰዓት ይላል። ይኸው 3 ሰዓት ላይ መጣን» አሉ። ልክ ነበሩ። ጠዋት ነው፣ 3 ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋም ትመሰክራለች። ኮዴ ግን የሚያስበው በፈረንጅ ሰዓት ስለነበር፣ ለሱ 3፡00 ማለት የእኛ 9 ሰዓት ነው። «ከሰዓት» የምትል ቃል አስገብቼ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ፈዛዛ ግራጫ ስለጻፍኳት፣ ስልክ ላይ ከቁጥሩ ተገንጥላ ወደ ታች ወርዳ ማንም አላያትም። ለጠዋቱ 9፡00 የተቀጠሩት ደግሞ በእኛ 9 ሰዓት መጥተው፣ ሐኪሙ ቀጠሮ አክብረው ጠዋት ቢጠብቋቸውም ሳይመጡ የቀሩ ሰዎች ሆኑ። የጠዋቱ ሰው ከሰዓት፣ የከሰዓቱ ሰው ጠዋት።

እዚያው ቆሜ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው፤ «6 ተኩል ላይ ምሳ አለን አይደል?» ይላል። «አዎ፣ 6 ተኩል» አልኩት። ስልኬ 9፡00 ሲል 3 ሰዓት ብዬ እያነበብኩ፣ ሳላውቀው በየሰዓቱ 6 እየቀነስኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላውም ሰው እንደኔው ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ዝርዝር ይዛ ጠብቃኛለች። የልደት ቀን መሙያው ላይ ያስቀመጥኳቸው ወራት 12 ናቸው። ጳጉሜ የለችም። «ጳጉሜ የተወለደ ሕፃን ይዛ የመጣች እናት ነበረች፤ ልጅሽ አልተወለደም ልበላት?» አለችኝ። ጃቫስክሪፕት የተባለው የኮድ ቋንቋ የዓመቱን የመጀመሪያ ወር ዜሮ ብሎ እንደሚቆጥር ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ በልጅነቴ ጳጉሜ 3 ቀን የሩፋኤልን ዝናብ ለመጠመቅ ራቁቴን ደጅ እሮጥባት የነበረችውን ወር ግን ረሳኋት። በኋላ ሳጣራ ደግሞ የባሰ አገኘሁ። ዘመናዊ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ መሣሪያ በውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ጳጉሜን ሳይቀር ያውቋታል። የፈረንጁ ሶፍትዌር ያስታወሳትን ወር ነው እኔ የዘለልኳት።

ቀጥሎ «የቤተሰብ ስም» የሚል፣ ካልተሞላ የማያሳልፍ ሳጥን አለ። ከውጭ ፎርም ላይ እንዳለ ያመጣሁት ነው። እኛ አገር የሰው ስም የራሱና የአባቱ፣ ሲጨመርም የአያቱ እንደሆነ መታወቂያዬ ራሱ ይነግረኛል። ታካሚዎቹ የመሰላቸውን ሞልተዋል፤ አንዷ የባሏን ስም፣ አንዱ የአምስት ልጆቹን ስም በተርታ።

የታካሚ ስም ፍለጋውም አይሠራም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ስለተሰጣቸው፣ እኛ አንድ አድርገን ብንጠራቸውም ለኮምፒውተሩ አይዛመዱም። ፀሐይ የተባለች ታካሚ በአንዱ ጸ ተመዝግባ በሌላው ፀ ስትፈለግ «የለችም» ይላል፤ እሷ ፊት ለፊት ቆማ። በዚያ ላይ የሞባይል ዳታው ከተቆራረጠ ፎርሙ የተሞላውን ሁሉ ይጥለዋል። በቢሮው ዋይፋይ አንድም ቀን ጥሎብኝ አያውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ላስተካክል ቤቴ በተቀመጥኩበት ምሽት መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ትንሽ ታግሶኝ እሱም ጠፋ። ተራግሜ፣ ተንጎራድጄ፣ ሌላ የማደርገው ሳጣ ወደ ታች ወረድኩ። ደጁ በሰው ሞልቷል። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ከሰሏን እያራገበች ነው፤ ባዶ በርጩማ አየሁና ተቀመጥኩ። ቡና ከጤና አዳም ጋር፣ ፈንዲሻ፣ ስለ መብራት ኃይል ሐሜት። ለስንት ጊዜ አልፌው የሄድኩት ነገር ይህ ነበር። ስንከፍል አብዛኛው ሰው በቴሌብር ላከ፤ የሌለው ግን «መዝግቢኝ» አለ። ደብተሯን አወጣች።

ያን ደብተር በስልክ ብርሃን አየሁት። «የ4ኛ ፎቅ ፀሐይ»፣ «ቀዩ ሹፌር»፣ «የመንትዮቹ እናት» ይላል። የቤተሰብ ስም የሚል ዓምድ የለውም። በየትኛው ፀ እንደተጻፈ ማንም አይጨነቅም፤ ግን የጠፋ ባለዕዳ የለም። እኔስ በዱቤ ብወስድ በማን ስም ትመዘግቢኛለሽ አልኳት። «አንተማ ሄድፎኑ ነህ» አለች፤ ሁሉም ሳቀ፤ በዚህኛው እኔም ሳቅሁ። ወኔ አገኘሁና የክሊኒኩን ገጽ በስልኳ እንድትከፍተው ለመንኳት። የስልኳ መስታወት የተሰነጠቀ ነው፤ ጽሑፉንም እስከ መጨረሻው አተልቃዋለች፤ ያማረው ገጼ እርስ በርሱ ተደራረበ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ካየችው በኋላ «ይሄ የፈዘዘው ምንድን ነው? ቀለሙ አልቆ ነው?» አለችኝ። ከብዙ ሰዓት የእንግሊዝኛ ውይይት ያላገኘሁትን ትችት በነፃ አገኘሁት፤ ቡናውንም ጨምራ።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ብዘጋው ብልህ እመስል ነበር። ነገር ግን ሞኝነቴ ሁለተኛ ክፍል አለው። ያን ምሽት ካየሁ በኋላ ቡናውን ሥራ አደረግሁት። በየቀኑ ማስታወሻ ይዤ እወርዳለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ጋቢናውን ትቼ ከኋላ እየተቀመጥኩ የሰው ስልክ አጮልቄ አያለሁ፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ «ይሄን ቁልፍ ስታየው ምን ይሰማሃል?» እያልኩ አደርቃለሁ። ሰዉም ጨዋ ነው፤ «ጥሩ ነው፣ አሪፍ ነው፣ በርታ» ይለኛል። ከዚህ የበለጠ የማይጠቅም መልስ የለም። ቀስ በቀስ እኔ ስመጣ ጨዋታው መቀዝቀዝ ጀመረ። በመጨረሻ ልጅቷ ስኒውን ይዛ ቆመችና «ወንድሜ፣ ቡና ልትጠጣ ነው የመጣኸው ወይስ ልትመዘግበን?» አለችኝ።

ይህች ጥያቄ ከክሊኒኩ ውርደት በላይ አሳሰበችኝ። ያን ምሽት የተማርኩት ለመማር ስላልሄድኩ ነበር። ባትሪ አልቆብኝ፣ ሥራ ፈትቼ፣ እንደ ጎረቤት ስለተቀመጥኩ ሰዎቹ እንደ ጎረቤት አወሩኝ። ጠያቂ ሆኜ ስመጣ እንደ እንግዳ አከበሩኝ፤ እንግዳን ደግሞ «ቀለሙ አልቋል» አይሉትም። መጀመሪያ ኑሮ ከሥራዬ ይሰርቀኛል ብዬ ሸሸሁት፤ ቀጥሎ ደግሞ ለሥራዬ ልሰርቀው ሞከርኩ። ሁለቱም ጊዜ አብሬ አልኖርኩም።

አሁን ማስታወሻ አልይዝም። ጠዋት እርጥቡን አዋዜ አስጨምሬ እየበላሁ ታክሲ እጠብቃለሁ፤ ዓርብ በያይነቱ በሚሠራበት ምግብ ቤት ከሰው ጋር ትሪ ከበን እንበላለን፤ ቅዳሜ ጨዋታ በሚታይበት ቤት እጮኻለሁ። አብዛኛው ቀን ከዚህ ለሥራዬ የሚሆን አንድም ነገር አላገኝም፤ ማግኘትም የለብኝም። ፎርም ስሠራ ግን ከመልቀቄ በፊት አንድ ሰው በራሱ ስልክ፣ በራሱ ዳታ ሲሞላው አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከባዱ ነገር አፍን መያዝ ነው፤ ሰውየው የተሳሳተ ቦታ ሲነካ «እዚያ ጋ አይደለም» ለማለት ምላሴ ይበላኛል። እሱ አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ።

ተለወጥኩ ብዬ ግን አልምልም። በቅርቡ ለአንድ ሱቅ የማዘዣ ገጽ በሌሊት ብቻዬን ስሠራ፣ ጣቶቼ ሳያስፈቅዱኝ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ሠርተው፣ ካልተሞላ እንዳያሳልፍም አድርገውት አገኘኋቸው። አጠፋሁት። ሄድፎኑንም አንዳንድ ቀን አደርገዋለሁ፤ ኪቦርዱም ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ጎረቤቴም ዩኒፎርሙን አልረሱትም። ፈዛዛ ግራጫ ግን ትቻለሁ።