በባሕር ላይ መንገድ ስለ መልቀቅ

የሸራ ጀልባና ባለሞተር መርከብ በባሕር ላይ ሲገናኙ መንገድ የሚለቀው ባለሞተሩ ነው፤ በ1972 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተደነገገው የመንግሥታት የባሕር ሕግ እንዲህ ያዝዛል። ባለሸራው ነፋሱ እንደ ፈቀደለት እንጂ እንደ ልቡ አይዞርምና። በጠባብ መተላለፊያ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዚያ በቀር ሌላ ጥልቅ ውኃ የሌለውን ትልቅ መርከብ ጀልባይቱ ልታሰናክለው አይገባትም። ይህችን ሁለተኛይቱን ትእዛዝ የሚዘነጋ ባለሸራ ጥቂት አይደለም። ሕጉ በሁለቱም ስፍራ የሚጠይቀው፥ መታጠፍ የሚቻለው ማን ነው ብሎ ነው።

በ2011 በእንግሊዝ አገር፥ በካውዝ አጠገብ፥ በጀልባ እሽቅድምድም ቀን አንዲት ባለሸራ 120,000 ቶን በሚመዝን የነዳጅ መርከብ ፊት ልታልፍ ሞከረች። ሸራዋ ከመልሕቁ ጋራ ተጠላልፎ ምሰሶዋ ተሰበረ፤ አንዱ መርከበኛ አስቀድሞ ወደ ባሕር ዘለለ፤ ሌላው ራሱን ቆሰለ። ነፍስ ግን አልጠፋም። በ2013 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው የጀልባይቱን አዛዥ ነው።