የሦስት ማዕዘን ሕግና የግዛቱ ወሰን

የጂኦሜትሪ ትምህርት «የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ቢደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ» ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የነበረው ኤውክሊድ በመጽሐፉ ካስረዳው ጊዜ ጀምሮ ልጆች ሁሉ ሲማሩት ኖረዋል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀብለን እንደ ዳዊት በቃላችን ይዘነዋል።

በቅርቡ ግን ልጃችን፥ «አባባ፥ ይህ ሕግ ሁልጊዜ እውነት አይደለም ተባልን፤ እንግዲያስ ስለ ምን እንማረዋለን?» አለን። የልጅ ጥያቄ በቁጣ ቢዘጋ የመማር ፍቅሩ አብሮ ይዘጋልና ብርቱካንና ክር አስመጣን። ክሩን ወጥረን ከብርቱካኑ አናት እስከ ወገቡ አወረድነው፤ በወገቡም የዙሪያውን ሩብ ያህል ሄደን ወደ አናቱ መለስነው። ሦስቱ ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ሆኑ፤ ድምራቸውም 270 ነው። ክሩ በየጎኑ አጭሩን መንገድ ይዞ ሳለ ድምሩ የበዛው ገጹ ድቡልቡል ስለ ሆነ ነው። እንደ ኮርቻ በጐበጠ ገጽ ላይ ቢሆን ግን ድምሩ ከ180 ባነሰ ነበር።

ጀርመናዊው ሊቅ ሪማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 በጌቲንገን ባሰማው ንግግር ይህን ሐሳብ ከገጽ አሳልፎ ወደ ጠፈር ራሱ አደረሰው። አይንሽታይንም በ1915 ከባድ አካል በዙሪያው ያለውን ጠፈርና ጊዜ እንደሚያጐብጥ አስተማረ። በ1919 በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ወደ ፕሪንሲፔ ደሴትና ወደ ብራዚል የሄዱ የእንግሊዝ ሊቃውንት፥ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ጥቂት እንደሚታጠፍ ለክተው አገኙ።

እንግዲህ ኤውክሊድ ሐሰተኛ ነውን? አይደለም። በምንጽፍበት ችሎት የእርሻ ወሰን ክርክር ሲቀርብ መሬቱ የሚለካው በቀድሞው ሕግ ነው፤ የምድር ድቡልቡልነት በአንድ እርሻ ላይ የሚያመጣው ልዩነት በገመድ የሚታወቅ አይደለምና። ውቅያኖስ ለሚሻገር መርከብ ግን ያው ሕግ አይበቃውም። የአንድ ዳኛ ሥልጣን በግዛቱ ወሰን ቢያበቃ፥ በግዛቱ ውስጥ የሰጠው ፍርድ አይሻርም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችን አስቀድመው ሕጉን አጥብቀው ይማሩ፤ ቀጥሎም ወሰኑን ይጠይቁ። ሕጉን ሳያውቅ ስለ ወሰኑ የሚያወራ ልጅ ቃሉ ዋዛ ነው፤ ወሰኑን እንዳይጠይቅ የተከለከለ ልጅም እንደ ገደል ማሚቶ የሰማውን ብቻ ይመልሳል።